በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ መድኃኒቱን የደበቀስ?

ባለፈው ዓመት የካቲት ላይ፣ በመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት፣ አዋሽ ሰባት ኪሎ ወላጆቼ ዘንድ ነበርኩ። በዚያ ሰሞን ጥቂት ሐኪሞች የተማሪዎችን ልብ ሊመረምሩ ለሁለት ቀን ከሩቅ መጥተው አስተርጓሚ ይፈልጋሉ ተባለ። አማርኛም አፋርኛም የሚችል፣ እጁ ሥራ ያልያዘ ሰው ቢፈለግ ከእኔ የቀረበ አልነበረም፤ ሄድኩ።

መሣሪያቸው በአንድ እጅ የሚያዝ ትንሽ ነገር ነው። ከእጅ ስልክ ጋር ይገናኛል። ልጁ ደረቱን ገልጦ በግራ ጎኑ ይጋደማል፤ ቅባት ይቀባል፤ መሣሪያው ደረቱ ላይ ሲደገፍ ልቡ ሲከፈትና ሲዘጋ በስልኩ ላይ ይታያል። ልጆቹ እየተሳሳቁ ተሰልፈው የገዛ ልባቸውን አዩ። እኔም አየሁ። እውነቱን ልናገርና ደስ አለኝ። ሳይንስ እግር አውጥቶ አዋሽ ገባ አልኩ።

በሁለተኛው ቀን ሐኪሙ በአንዲት የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ደረት ላይ ቆየ። ደጋግሞ አየ፤ ጓደኛውን ጠርቶ አሳየ። ከዚያ እናትየው ትጠራ ተባለ። እናትየው በአውራ ጎዳናው ዳር ለከባድ መኪና ሾፌሮች የፍየል ወተት የምትሸጥ ሴት ናት። ሐኪሙ በአማርኛ ተናገረ፤ እኔ በአፋርኛ አስተላለፍኩ። ልጅቷ የልብ በር ላይ ጉዳት መጀመሩን፣ አሁን ባያማትም ወደፊት ሊብስባት እንደሚችል፣ ክትትል እንደሚያስፈልጋት ነገርኳት። አንድ ወረቀት ተሰጣት። ክትትሉ የት፣ በማን፣ እስከ መቼ እንደሆነ ወረቀቱ አይናገርም፤ «ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል ትሂድ» ይላል ብቻ። እኛም ጠረጴዛችንን አጣጥፈን መኪና ውስጥ ገባን።

ማታ ቤታችን ድረስ መጣች። ሐኪሞቹ ሄደዋል፤ የመጣችው ለእኔ ነው። ነገሩን ከአፌ የሰማችው ከእኔ ነውና። በሩ ላይ ቆማ እንዲህ አለችኝ፦ «ልጄ ትናንት ጤነኛ ነበረች። ዛሬም ፍየሎቹን ተከትላ ስትሮጥ ዋለች። በሽተኛ ያደረጋት ያንተ አፍ ነው። መድኃኒት ይዘህ ካልመጣህ ለምን ነገርከኝ?»

መልስ አልነበረኝም። ይህ ጽሑፍ ከዚያ ማታ ጀምሮ መልሱን ስፈልግ የቆየሁበት ነው። ጥያቄው የእኔ ብቻ ሆኖ ቢቀር ኖሮ የወረቀትና የቀለም ማባከን በሆነ ነበር። ግን አይደለም። ዛሬ ስለ ልብና ስለ ደም ሥር የሚደረገው ምርምር በየዓመቱ አዲስ ነገር ያወጣል። በሽታን የማወቂያው መንገድ እየቀለለና እየረከሰ ይሄዳል፤ የማከሚያው መንገድ ግን በዚያው ፍጥነት ወደ እኛ አይመጣም። እንግዲህ በሁለቱ መካከል የሚቀረው ሰው አለ። ሊያድኑት ያልቻሉትን ሰው መታመሙን መንገር ደግ ሥራ ነው ወይስ በደል?

ሰመራ ተመልሼ ነገሩን ዶርም ውስጥ አነሳሁት። ክፍላችን ውስጥ ስድስት ነን፤ አንዱ ሕክምና ያጠናል፣ አንዱ ሕግ፣ የቀረነው ሁሉን እናውቃለን ባዮች ነን። ሙቀቱ እንቅልፍ ስለማያስወስድ ክርክሩ እስከ ሌሊት ሄደ።

የሕክምናው ተማሪ፣ «ጥፋቱ የተጀመረው ስትነግራት አይደለም፤ ስትመረምሯት ነው» አለ። እ.ኤ.አ. በ1968 ዊልሰንና ዩንግነር የተባሉ ሁለት ባለሙያዎች ለዓለም የጤና ድርጅት ባዘጋጁት ጽሑፍ፣ ምልክት ያላሳየን ሰው ለመመርመር መሟላት ያለባቸውን አሥር ነጥቦች እንደዘረዘሩ አስታወሰን። ከነዚያ ውስጥ ተቀባይነት ያለው ሕክምና መኖሩና ሕክምናው የሚሰጥበት ቦታ መኖሩ ይገኙበታል። «ውኃ ሳትይዝ እሳት አትቆስቁስ፤ ሕክምና በሌለበት በሽታ ፍለጋ አትውጣ» ብሎ ዘጋው።

የሕጉ ተማሪ በበኩሉ ተቆጣ። «ገላው የልጅቷ ነው፤ በገላዋ ውስጥ ያለውን ማወቅ መብቷ ነው። አባቶቻችን ‹በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም› ያሉት ለምን ሆነና? ድሃ ስለሆነች እውነት ይከለከላት?»

ሁለቱም ልክ መሰሉኝ። ይሁንና ሁለቱንም በዚያች ሴት ፊት ባቆማቸው ምን እንደሚመልሱላት አልታየኝም። የመጀመሪያው «ባታውቂ ይሻልሽ ነበር» ሊላት ነው። በሽታው ግን ከእኔ አፍ አልወጣም፤ ልጅቷ ደረት ውስጥ ነበረ። ሁለተኛው ደግሞ «መብትሽ ነው» ሊላት ነው። በባዶ እጅ የተሰጠ መብት፣ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ነው።

እንግዲህ ክርክራችን በአየር ላይ እንዳይቀር፣ መጀመሪያ በሽታው ምን እንደሆነ እንመልከት።

ሩማቲክ የልብ ሕመም ይባላል። የሚጀምረው ከጉሮሮ ነው። እኛ «ቶንሲል ነው፣ ይለፋል» ብለን የምንተወውን የጉሮሮ ሕመም ከሚያመጡት ነገሮች አንዱ ስትሬፕቶኮከስ የተባለ ባክቴሪያ ነው። ሰውነት ይህን ባክቴሪያ ለመውጋት የሚያሰልፈው ኃይል አንዳንድ ልጆች ላይ ወዳጅና ጠላት መለየት ያቅተዋል። የባክቴሪያው ገላ አንዳንዱ ክፍል ከልብ ሥጋ ጋር ስለሚመሳሰል፣ ጠላት ያባረረ መስሎት የገዛ ልቡን ይወጋል። ትኩሳትና የመገጣጠሚያ ሕመም ይከተላል፤ ከዚያ ይሻላል። ጉሮሮው በታመመ ቁጥር ግን ውጊያው ይደገማል። የልብ በሮች ጠባሳ ያበጃሉ፤ ወይ ተጣብቀው በደንብ አይከፈቱም፣ ወይ ተኮማትረው በደንብ አይዘጉም። ይህ ሁሉ ለዓመታት ያለ ምልክት ሊሄድ ይችላል። አንድ ቀን ትንፋሽ ያጥራል፣ እግር ያብጣል፤ ወይም በልብ ውስጥ የረጋ ደም ወደ አንጎል ሄዶ ግማሽ አካል ያሽመደምዳል። ብዙ ሴቶች መታመማቸውን የሚያውቁት ሲያረግዙ ነው፤ ለሁለት የሚሠራው ልብ ያኔ ነው የሚያቅተው። በየአገሩ እንጥል የሚያስቆርጡ እናቶች አሉን፤ እንጥል ቢቆረጥ ግን ባክቴሪያው አይሞትም።

ይህ በሽታ ከመደብ ነፃ አይደለም። በአንድ ጠባብ ክፍል ብዙ ሆኖ የሚያድር፣ ጉሮሮው ሲታመም ሐኪም የማያይ ልጅ በሽታ ነው። በአውሮፓና በአሜሪካም በፊት የልጆች ገዳይ ነበረ፤ ቤት ሲሻሻልና ፔኒሲሊን ሲመጣ ከዚያ ለቀቀ። ከእኛ ዘንድ አልለቀቀም። በዓለም ላይ ከ40 ሚሊዮን የማያንሱ ሰዎች ከሕመሙ ጋር ይኖራሉ ተብሎ ይገመታል። እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2012 ኢትዮጵያን ጨምሮ በ14 አገሮች 3,343 በሽተኞች ተመዝግበው ሲጠኑ፣ ሁለት ሦስተኛው ሴቶች ሆነው ተገኙ፤ ግማሾቹ ዕድሜያቸው ከ28 ዓመት አይበልጥም ነበር። በሁለት ዓመት ክትትል ውስጥ ከመቶ አሥራ ሰባት የሚሆኑት ሞቱ። አንባቢ ሆይ፣ እኛ ሁለት ሦስት ዓመት ጨምረን ተመርቀን ሥራ የምንፈልግበት ዕድሜ ነው ይህ።

አሁን ደግሞ ምርምሩ የሄደበትን እንይ፤ ያለ ጥርጥር የሚደነቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 ቬርነር ፎርስማን የተባለ ወጣት ጀርመናዊ ሐኪም በገዛ ክንዱ የደም ሥር ቀጭን ቱቦ አስገብቶ እስከ ልቡ አደረሰና፣ በእግሩ ሄዶ ራጅ ተነሣ። በዚያን ጊዜ የጠቀመው ነቀፌታ ነው፤ የኖቤል ሽልማት የደረሰው ከ27 ዓመት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 በስዊድን አገር ኤድለር የተባለ ሐኪምና ኸርትዝ የተባለ የፊዚክስ ሰው፣ የብረት ስንጥቅ ለመፈለግ የሚያገለግል የድምፅ ሞገድ መሣሪያ ከመርከብ መሥሪያ ቤት ተውሰው ወደ ሰው ደረት አዞሩት። ዛሬ ኢኮ የሚባለው የልብ አልትራሳውንድ የተወለደው እንዲህ ነው፤ በአዋሽ ትምህርት ቤት ያየሁት ትንሽ መሣሪያም የዚያ የመርከብ መሣሪያ የልጅ ልጅ ነው። በዚያው ዓመት ጊበን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም የልብንና የሳንባን ሥራ ተክቶ በሚሠራ መሣሪያ ታግዞ ልብ ከፍቶ ጠገነ። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 3 ቀን 1967 ክርስቲያን ባርናርድ በኬፕ ታውን ከሰው ወደ ሰው ልብ አዛወረ፤ በሽተኛው የኖረው 18 ቀን ቢሆንም መንገዱ ተከፈተ። እ.ኤ.አ. በ1982 ደግሞ ኢኖዌ የተባለ ጃፓናዊ ሐኪም ደረት ሳይከፍት፣ በብሽሽት የደም ሥር ትንሽ ፊኛ አስገብቶ የተጣበቀውን የልብ በር በመንፋት አላቀቀው። ያ በር እኮ ሩማቲክ የሚያጣብቀው ያው በር ነው።

እኛ የአዋሽ ልጆች ግን አንድ ነገር በዓይናችን አይተን እናውቃለን። አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ተነሥቶ ይህን ሁሉ አገር ሲያጠጣ መጥቶ ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። ወንዙ ከላይ ሞላ ማለት ከታች ያለው ሰው ጠጣ ማለት አይደለም። የሕክምና ዕውቀትም እንዲሁ ነው።

ይህን ስል በአገራችን የተሠራውን ለመካድ አይደለም። ዶክተር በላይ አበጋዝ እ.ኤ.አ. በ1989 የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከልን ሲመሠርቱ የልብ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ልጅ ተስፋው ወደ ውጭ አገር መላክ ነበር። ከሃያ ዓመት ጥረትና ልመና በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2009፣ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ የልብ ማዕከሉ ተከፈተ። ብዙ ልጅ ድኖበታል። ተራ የሚጠብቀውም በሺህ ይቆጠራል። ከአዋሽ አዲስ አበባ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከሰመራ ደግሞ ወደ 600። ወረፋው ግን በኪሎ ሜትር አይለካም። ደግሞም ቀዶ ሕክምናው ፍጻሜ አይደለም። የብረት በር የተገጠመለት ሰው ደሙ እንዳይረጋ ዋርፋሪን የሚባል መድኃኒት ዕድሜ ልኩን ይውጣል፤ ደሙንም በየጊዜው ያስለካል። ለልጃገረድ ሲሆን ሌላ ጭንቅ ይጨመርበታል፤ መድኃኒቱ ስታረግዝ ጽንሱን ሊጎዳ ይችላልና።

እስከዚህ ድረስ የሕክምናው ወዳጄ ያሸነፈ ይመስላል። በካንት ስም የሚታወቅ አንድ ሐሳብ አለ፤ ማድረግ የማይቻልን ነገር አድርግ ብሎ ሰውን ማስገደድ አይቻልም ይላል። ለዚህች ልጅ ማድረግ የሚቻል ከሌለ ግዴታም የለ። የእኔ ስሕተት ማውራቴ ብቻ ይሆናል ማለት ነው።

ነገር ግን «አይቻልም» የምትለዋ ቃል ቀን አላት። ትናንት እውነት ሆና ዛሬ ሐሰት ልትሆን ትችላለች። የሆነውም ይህ ነው።

በጎረቤታችን በኡጋንዳ፣ በሰሜኑ ክፍል፣ ከ5 እስከ 17 ዓመት የሆናቸው ከመቶ ሺህ በላይ ልጆች በልብ አልትራሳውንድ ታዩ። ልክ እንደ አዋሿ ልጅ ሕመም ሳይሰማቸው የልብ በራቸው መጎዳት ከጀመረው ውስጥ 818 ልጆች ለጥናቱ ተመረጡ። በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ፤ ግማሾቹ በየአራት ሳምንቱ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን የሚባለውን መርፌ ተወጉ፤ ግማሾቹ አልተወጉም። ሁለት ዓመት ተቆጠረ። ከተወጉት ውስጥ የባሰባቸው 3 ልጆች ናቸው፤ ከመቶ አንድ አይሞላም። ካልተወጉት 33፤ ከመቶ ስምንት ማለት ነው። ውጤቱ ይፋ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ ነው።

መርፌው ምንድን ነው? አዲስ ግኝት አይደለም። እናቶቻችን ሳይወለዱ ጀምሮ ሲሠራበት የነበረ፣ ሲወጉት የሚያም፣ ዋጋው ከልብ ቀዶ ሕክምና ጋር የማይነጻጸር መድኃኒት ነው። አዲሱ ነገር መርፌው ሳይሆን ስለ መርፌው ያወቅነው ነው። በጊዜ ከታየ የዚህን በሽታ እርምጃ አዲስ አበባ ሳይደርሱ፣ ደረት ሳይከፈት፣ ጤና ጣቢያ ውስጥ ማቆም ይቻላል።

ሌላም ልጨምር። ዋርፋሪን ከአርብቶ አደር ቤት የመጣ መድኃኒት ነው ብል አላጋነንኩም። በአሜሪካ አገር ዊስኮንሲን ውስጥ የተበላሸ ድርቆሽ የበሉ ላሞች ደማቸው አልረጋ እያለ ይሞቱ ነበር። አንድ ገበሬ እ.ኤ.አ. በ1933 የሞተች ጊደርና የማይረጋ ደም ይዞ ወደ ዩኒቨርሲቲ ሄደ። ከዚያ ፍለጋ መጀመሪያ የአይጥ መርዝ ወጣ፤ ኋላም በ1950ዎቹ የሰው መድኃኒት ሆነ። በቅርቡ ዋጋው ውድ የሆነና የደም መለካት የማያስፈልገው አዲስ መድኃኒት መጣና፣ ሩማቲክ ልባቸውን ጎድቶት የልብ ምታቸው የተዛባ በሽተኞች ላይ ከአሮጌው ጋር ተወዳደረ። በ24 አገሮች ወደ 4,500 ሰዎች ተሳተፉ። እ.ኤ.አ. በ2022 ውጤቱ ሲወጣ የሞተው ሰው ቁጥር ያነሰው በአሮጌው፣ በርካሹ፣ በዋርፋሪን በኩል ነበር። ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ግን ደሙን ለማስለካት እየደጋገመ ወደ ጤና ተቋም መመለስ አለበት፤ እዚያም የሚጠብቀው ሰው መኖር አለበት።

እነዚህን ሁለት ጥናቶች ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው የገባኝ ነገር አለ። ለእኛ ለድሆቹ የጎደለን ሁልጊዜ ማሽን አይደለም። የጎደለን መመለስ ነው። በ28ኛው ቀን የሚመለስ በሽተኛ፤ በ28ኛው ቀን መድኃኒቱን ይዞ የሚቆይ ጤና ጣቢያ፤ ልጅቷ ስትቀር «የት ሄደች?» የሚል ሰው።

እንግዲህ ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። አፋር ውስጥ ያደገ ሁሉ ዳጉን ያውቃል። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ «ደህና ነህ» ተባብለው አይተላለፉም። ቁጭ ይላሉ። አንዱ ያየውንና የሰማውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይናገራል፤ ሌላው ይጠይቃል፣ ያጣራል፣ ከዚያ በተራው ይናገራል። ዝናብ የት እንደጣለ፣ ማን እንደታመመ፣ የማን ግመል እንደጠፋች ይታወቃል። ሐሰት መናገር ነውር ነው፤ የሰሙትንም ይዞ መቅረት ነውር ነው። የነገርከውን ነገር ትጠየቅበታለህ።

ያቺ ሴት የተቆጣችው ስለነገርኳት አልነበረም። አሁን ነው የገባኝ፤ የተቆጣችው ግማሽ ዳጉ ስለሰጠኋት ነው። ሳልቀመጥ ነገርኳት። «ሊብስባት ይችላል» አልኩ፤ ካልተወጉት የኡጋንዳ ልጆች ከመቶ 92 ያህሉ በሁለቱ ዓመት ውስጥ እንዳልባሰባቸው አልነገርኳትም፤ አላውቅምም ነበር። መርፌ መኖሩን አልነገርኳትም። ጠይቃ እስክትጨርስ አልቆየሁም። ወሬ ጥዬ መኪና ውስጥ ገባሁ። በአፋር ደንብ ይህ ስድብ ነው።

ስለዚህ የምደርስበት ይህ ነው። ምርመራ ቃል መግባት ነው። የሰውን ደረት ከፍቶ ያየ ሰው፣ ባይናገረውም፣ «ያየሁትን ይዤ አልጠፋም» ብሏል። የታወቀ በሽታ ዕዳ ነው፤ ዕዳው የሚወድቀው ግን በተመረመረው ላይ ሳይሆን በመረመረው ላይ ነው። እኛ እስከ ዛሬ ያደረግነው የተገላቢጦሹን ነው፤ መርምረን፣ ዕዳውን በወረቀት ጽፈን፣ ለእናትየው ሰጠናት።

የሕክምናው ወዳጄ ይህን ስነግረው፣ «እንዲህ ከሆነማ ማን ደፍሮ ይመረምራል? ዕዳ ፈርቶ ሁሉ ይሸሻል» አለኝ። ከባድ ነጥብ ነው። መልሴ ግን ከራሱ መጽሐፍ ውስጥ ነው። የዊልሰንና የዩንግነር አሥረኛው ነጥብ፣ በሽተኛ መፈለግ ያለማቋረጥ የሚሠራ እንጂ አንዴ ተሠርቶ የሚያልቅ ዘመቻ መሆን የለበትም ይላል። ወዳጄ ሁለቱን ነጥብ ጠቅሶ አሥረኛውን ዘለለው። በሁለት ቀን አምስት መቶ ልጅ አይቶ ከመሄድ፣ ሃያ ልጅ አይቶ ሃያውን ዓመት ሙሉ መከተል ይሻላል። ቁጥሩ ለሪፖርት አያምርም፤ ይሁን።

ሁለተኛው ተቃውሞ «አርብቶ አደር አይያዝም፤ ዝናብ ተከትሎ ይሄዳል፤ በየ28 ቀኑ የት ታገኘዋለህ?» የሚል ነው። ይህን የሚሉ ሰዎች መዝገባቸው ላይ «የጠፋ በሽተኛ» ብለው ይጽፋሉ። የጠፋው ግን ማን ነው? ቤተሰቡ የት እንደሰፈረ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ በዳጉ የግመል ዱካ የሚገኝበት አገር የአንዲት ልጅ ሰፈር እንዴት ይጠፋል? ያልጠየቀው መዝገቡ ነው። የልጅቷ ስም ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ዘንድ ቢኖር፣ በተዛወሩበት ቀበሌ ለሚገኘው ጤና ኬላ ቢተላለፍ፣ ነገሩ የማሽን ሳይሆን የአደራ ጉዳይ ነው።

ሦስተኛው ፍርሃት ነው። መርፌው ሰው ይገድላል የሚል ወሬ አለ፤ ባለሙያም ይፈራዋል። ፍርሃቱን መናቅ አይገባም። የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ምክር፣ ከመርፌው በኋላ የታዩ አንዳንድ ሞቶች ከአለርጂ ይልቅ አስቀድሞ ክፉኛ ከተጎዳው ልብ መድከም ሊመጡ እንደሚችሉ ገልጦ፣ ለእንደዚህ ያሉ በሽተኞች የሚዋጠውን ፔኒሲሊን ማሰብ እንደሚገባ አሳስቧል። ይህ ማለት ጉዳቱ ገና በጀመረው ልጅ ላይና ልቡ ክፉኛ በተጎዳው ላይ ነገሩ አንድ አይደለም ማለት ነው። ይህንንም የሚለየው ምርመራው ነው። ሙሉ ዳጉ ቢሆን ይህም ይነገር ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2015 የአፍሪካ የልብ ሐኪሞች እዚሁ አዲስ አበባ ተሰብስበው ሩማቲክ የልብ ሕመምን ከአህጉሪቱ ለማጥፋት ሰባት ነጥብ ያለው መግለጫ አወጡ፤ የአፍሪካ ኅብረት መሪዎችም ተቀበሉት። በዓለም ላይ የሚታወቀው «የአዲስ አበባ መግለጫ» ተብሎ ነው። በሽተኞች በመዝገብ ይያዙ ይላል፤ ፔኒሲሊን ሳይቋረጥ ይኑር ይላል፤ የምርመራና የሕክምና ዕውቀት ከትልልቅ ከተሞች ወርዶ ወደ ወረዳ ይድረስ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ የዓለም የጤና ጉባኤ በዚሁ በሽታ ላይ ውሳኔ አሳለፈ። ቃሉ በዋና ከተማችን ስም ተሰጥቷል። ቃል የሰጠ ሰው ደግሞ «ለምን ነገርከኝ?» ሲባል መልስ ሊኖረው ይገባል።

እኔስ? ፋሲካን ላከብር ስሄድ እቤቷ ሄድኩ። ይህን የምጽፈው ለመመስገን አይደለም፤ ሁለት ወር ዘግይቼ ነው የሄድኩት። የሕክምናው ወዳጄ የነገረኝን በወረቀት ይዤ፣ ቁጭ ብዬ፣ ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳት፤ የሚታወቀውንም የማይታወቀውንም። ብዙ ጠየቀችኝ። በማግሥቱ ሦስት ሆነን ጤና ጣቢያ ሄድን። ነርሷ ወረቀቱን አገላብጣ አየች፤ ስልክ ደወለች፤ ሐኪም ካየ በኋላ መርፌው ተጀመረ። በሦስተኛው ወር መድኃኒቱ አልቋል ተባለ፤ እናትየው በወተት ደንበኛዋ ከባድ መኪና ሌላ ከተማ ድረስ ሄዳ አስወጋቻት። ከዚያ ወዲህ አላቋረጠችም። ቀኑን የምትቆጥረው በወተት ጀሪካኗ ላይ በምስማር በምትጭረው መስመር ነው፤ ሃያ ስምንት መስመር ሲሞላ ልጅቷን ይዛ ትሄዳለች።

በቅርቡ፣ «ያኔ ባልነግርሽ ይሻል ነበር?» ብዬ ጠየቅኳት። ሳቀች። «መንገርህን መች ጠላሁ?» አለችኝ። «የጠላሁት ነግረኸኝ መሄድህን ነው።»

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ነገ ከዚህ ግቢ የምንወጣው ሁሉ አንድ ነገር አውቀን ነው የምንወጣው፤ አንዱ ሕክምና፣ አንዱ ሕግ፣ አንዱ እንደኔ ቋንቋ። በየሄድንበት የሰው ደጅ ላይ ቆመን አንድ ነገር እንናገራለን። አባቶቻችን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ብለው ለበሽተኛው ተረቱ። መድኃኒት መኖሩን እያወቀ ተናግሮ ለሚሄደው ግን ተረት አላስቀመጡለትም። ምናልባት እንዲህ ያለ ሰው ይመጣል ብለው አላሰቡ ይሆናል።